ክሱ በኦርጋኑ ላይ ለምን?

ስለ ባህላዊ ሙዚቃ መመናመን ውይይት በተነሣ ቁጥር ተከሳሹ አስቀድሞ ይታወቃል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ከሠርግ ድንኳን ጥግ በብረት መቆሚያ ላይ ተጋድሞ የሚታየው፣ ወጣቱ «ኪቦርድ»፣ አዛውንቱ ግን እስከ ዛሬ «ኦርጋን» የሚሉት መሣሪያ ነው። ማሲንቆን ከሠርግ ቤት አስወጣ፤ ዋሽንትን ዝም አሰኘ፤ ከበሮውን በማሽን ምት ተካ፤ የዳሞትን ዘፈን ከአዲስ አበባ ዘፈን እንዳይለይ አደረገ ይባላል። መምህሩ በክፍሉ፣ ካድሬው በስብሰባው፣ የባህል ባለሙያው በሪፖርቱ ክሱን ይደግሙታል። እንጀራውን በዚያው መሣሪያ የሚበላው ከያኒ ሳይቀር ከመድረክ ወርዶ ሲጠየቅ፣ ራሱን ነቅንቆ «እውነት ነው፣ ባህላችንን አበላሸነው» ማለት ለምዷል። ፍርዱ ተሰጥቷል ማለት ነው። ያልተደረገው ምርመራው ነው።

የሙዚቃ መሣሪያ በራሱ እግር አይመጣም። ማን አመጣው፣ በማን እጅ ገባ፣ በየትኛው መድረክ በማን ፈቃድ ተሰማ ተብሎ ሳይጠየቅ ስለ ጥፋቱ መናገር ጥፋተኛውን መሸሸግ ይሆናል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ሙዚቃ ታሪክ ደግሞ ከመንግሥት ሥልጣን ታሪክ ተነጥሎ ሊነገር የሚችል አይደለም።

ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጣው የነሐስ መሣሪያ የቤተ መንግሥት ንብረት ነበር። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርመናውያን ወላጅ አልባዎች፣ ማለትም አርባ ልጆች፣ ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የቤተ መንግሥት ተቀጣሪዎች ነበሩ። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ የየራሳቸውን ኦርኬስትራ ባቋቋሙ ጊዜም ሙያተኛው ደመወዝተኛና ዩኒፎርም ለባሽ ሆነ። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠን ጨምሮ የክቡር ዘበኛ ከያንያን ወደ እስር ቤት የወረዱት በዘፈናቸው ምክንያት አልነበረም፤ የለበሱት ዩኒፎርም ነበር ያሳሰራቸው። ሸክላ አሳትሞ ለመሸጥ የነበረው መብት እንኳ በአገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ ተይዞ ሳለ፣ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1960ዎቹ (ዓ.ም.) መግቢያ ላይ ደፍሮ እስኪጥሰው ድረስ ማንም አልነካውም።

በሌላ በኩል ሥልጣን የሚፈራው ኤሌክትሪክን ብቻ እንዳልነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች እያደኑ ከገደሏቸው መካከል ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር አዝማሪዎች ይገኙበታል። አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የታጠቀ መንግሥት አንድ ክር ብቻ ያለውን ማሲንቆ ፈራ። የፈራውም ክሩን አልነበረም፤ በየገበያው እየዞረ፣ ግጥሙን በዚያው ቦታ እየፈጠረ ለሕዝብ ወሬ የሚያደርሰውን ሰው ነበር። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ ይያዝልን።

ኤሌክትሪክና ማሲንቆ በተፈጥሯቸው ጠላቶች ናቸው የሚለውን አስተሳሰብ ለመመዘን የአንድ ግብፃዊ ታሪክ ይበቃል። ሐሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ከአንድ የካይሮ ራዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ ተውሶ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀዳ፤ ድምፁንም በስቱዲዮ ውስጥ እየቀነሰና ማስተጋባቱን እያበዛ ሌላ ሥራ አደረገው። በዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሚባለው ይህ ነው። አውሮፓውያን የሚኮሩበት የፒየር ሼፈር የፓሪስ ሥራ የተሰማው ከአራት ዓመት በኋላ ነበር። እንግዲህ ይኸው ሰው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ምን አደረገ? ሽቦና ማሽን አልዘረጋም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና ከበሮ የያዙ፣ ከየአካባቢው የመጡ ባለሙያዎችን በአንድ መድረክ አስቀመጠ። ኤሌክትሪክን የሙዚቃ መሣሪያ ካደረጉት ቀደምት ሰዎች አንዱ የማሲንቆ ጠበቃ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ለዛሬ ከሳሾች ይህ እንዴት እንደሚመቻቸው አይታወቅም።

ዘውዱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መመልከት ይገባል። አዲስ አበባ በደርግ ዘመን አብዛኛው ዕድሜዋ በሰዓት እላፊ ሥር ነበረች። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ ወጣ። የምሽት ቤት እንደ ቀድሞው መሥራት ተሳነው፤ በሒልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ ታዳሚው እስኪነጋ በሩ ተዘግቶበት እንዲያድር፣ ራሱም እስኪነጋ እንዲጫወት ተገደደ። ሸክላ መታተሙ ቆመና ካሴት ተተካ። ብዙ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾችን የሚቀልብ ምሽት ሲጠፋ ሳክስፎኑና ትሮምቦኑ የሚሰጡትን ድምፅ ሁሉ በአሥር ጣት መስጠት የሚችለው ኦርጋን ተፈለገ። በሮሃ ባንድ ኪቦርድ የተጫወተውና በርካታ ሥራዎችን ያቀናበረው ዳዊት ይፍሩን የመሰሉ ባለሙያዎች የዚያን ዘመን ድምፅ የሠሩት በዚህ ሁኔታ ነው። የኦርጋኑ መስፋፋት የሰዓት እላፊ ውጤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባንዱን ያፈረሰው ሌላ ነው፤ ኦርጋኑ ከፍርስራሹ የተረፈውን ተሸክሞ ዘለቀ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምስክር አለ። ዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» የተባለውን ሸክላ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977፣ ቀይ ሽብር በታወጀበት ዓመት ነው። ሥራው ቃል የለውም፤ የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ድምፃዊውን ተክቶ ዜማውን ያወጣል። ሳንሱር የሚሠራው በወረቀት ላይ በተጻፈ ግጥም ነውና ቃል በሌለው ዜማ ላይ ቀይ እስክሪብቶ የሚያርፍበት መስመር አላገኘም። አድማጩ ግን የሕዝቡን ዜማ ያውቀዋልና ቃሉን በልቡ ይሞላዋል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1985 ከባንድ ተነጥሎ፣ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ስደት አንዱን ሰው ባንድ አደረገው። ኋላም በታክሲ ነጂነት ሲተዳደር ኖሮ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በውጭ አገር እንደገና ሲታተም ዓለም ጉድ አለ።

አሁን ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ገጠር እንውረድ፤ ክሱ የሚጸናው ወይም የሚወድቀው እዚያ ነውና።

ገበሬው ከ1967 ዓ.ም. በፊት ምን ነበረው? ደቦ ሲወጣ አውራጅና ተቀባይ ነበረው። አውራጁ ከአጫጆቹ ፊት ፊት እየሄደ ግጥም ይፈጥራል፤ ጎበዙን ያወድሳል፣ ለጋሚውን ይሸነቁጣል፣ የባለቤቱን ጠላ መቅጠን ያነሣል፣ ነገር ሲመቸውም ጭቃ ሹሙን በሰም ሸፍኖ ይወጋል። ተቀባዩ ይስቅና ይመልሳል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራ ተማሪ በግእዝ የሚዘርፈውን ይህ ማይም ገበሬ በአማርኛ በማጭድ ምት ይዘርፋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ የተነሣው የጎጃም ገበሬ የልቡን የተለዋወጠው በጋዜጣ አልነበረም። የዚህ ዘፈን ነፍሱ ቃሉ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው። ልክ እንደ አዝማሪው፣ ምን እንደሚል ከማለቱ በፊት ማንም አያውቅም።

ከአብዮቱ በኋላ የገበሬ ማኅበር፣ የወጣቶችና የሴቶች ማኅበር ሲቋቋም የኪነት ቡድንም አብሮ ተቋቋመ። በየቀበሌው፣ በየአውራጃው፣ እስከ ክፍለ ሀገሩ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን ድረስ። መልካም ጎኑን መካድ ነውር ነው። የደሀ ገበሬ ልጅ መድረክ ላይ ወጣ፤ «አዝማሪ» ተብሎ ይናቅ የነበረ ሙያ «ኪነት» ተብሎ ተከበረ፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል በዘፈን ጭምር ተሰበከ። ኋላ በአገር ደረጃ የታወቁ ድምፃውያን ከእነዚህ ቡድኖች ወጥተዋል።

ይሁንና ቡድኑ የተፈለገበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነበር። የሚሊሺያ ምልመላ ሲኖር፣ መንደር ምሥረታ ሲታወጅ፣ ከ1975 ዓ.ም. ወዲህም ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲፈለግ በገበያ ቀን ከበሮው ይመታል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ቡድን ከሆነ ማይክራፎን፣ ሞንታርቦና ጄነሬተር በመኪና ተጭኖ ይመጣል። በርበሬውን ሊሸጥ የወጣው ገበሬ ከበሮው ወደ ተመታበት ይሰበሰባል። በመድረኩ ላይ የሚያየው የራሱ ልብስ፣ የራሱ እስክስታ፣ የሚሰማውም የራሱ የደቦ ዜማ ነው። ቃሉ ግን የእርሱ አይደለም። ቃሉ ከሳምንት በፊት በጽሕፈት ቤት ተጽፎ፣ በካድሬ ታይቶ፣ ማኅተም የተመታበት ነው። አውራጁ ከተጻፈለት አንዲት ቃል አይወጣም፤ ቢወጣ የሚጠይቀው አለ። ተቀባዩም አይስቅም።

በዚያን ጊዜ የኪነ ጥበብ ውይይት ሁሉ «በቅርፅ ብሔራዊ፣ በይዘት ሶሻሊስታዊ» በሚል ቀመር ይካሄድ እንደነበር ይታወሳል። በዚሁ ቀመር ቢመዘን ውጤቱ ግልጽ ነው። የኪነት ቡድኑ ቅርፁን አክብሮ ይዘቱን አወጣ። ማሲንቆው ነበር፣ ዋሽንቱ ነበር፣ ጥበቡም ነበር፤ በቦታው መፍጠር ግን ተከለከለ። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ለነበረው ዘፈን ትልቁ ጉዳት የደረሰው እንግዲህ በንጹሕ ባህላዊ መሣሪያ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይነካው ነው። ሞንታርቦው ያደረገው ጉዳቱን ከሩቅ እንዲሰማ ማድረግ ብቻ ነበር።

ኦርጋኑ ግን በሌላ በር ገባ። ገበሬው በርበሬውንና በቆሎውን ሽጦ ቴፕ ገዛ፤ አራት የባትሪ ድንጋይ ጎረሰና ከአዲስ አበባ የመጣ ካሴት አዘፈነ። መብራት በሌለበት መንደር፣ ድንጋዩ ሲዝል ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ ክሩ ሲጠመጠም በእስክሪብቶ እየመለሱ አዳመጡት። በካሴቱ ላይ የኦርጋን ድምፅ አለ፣ የማሽን ከበሮ አለ፤ ግጥሙም በሳንሱር ያለፈ ነው። ሆኖም የፍቅር ዘፈን ነውና ሰም ነበረው። ልጁ ዘምቶ ያልተመለሰለት ሰው ስለ ራቀች ፍቅረኛ በሚዘፈን ትዝታ ውስጥ የራሱን ሐዘን ሰማ፤ ይህን ስማ ያለውም አልነበረም። ቅርፁ ተለወጠ፣ ይዘቱ ግን በሕዝቡ እጅ ቀረ። ከሁለቱ ለባህል የቀረበው የትኛው ነው? ከሳሾች ይመልሱ።

ካሴት ሌላም ጠባይ ነበረው። የኪነት ቡድን ስንት መድረክ እንዳሳየ በሪፖርት ይቆጠራል። ካሴት ግን በየሱቁ እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚህም በላይ ቴፑ መቅጃ ነበረው። ያችን ቀይ ቁልፍ ከተጫኑ የጎረቤት ሠርግ ላይ የመጣ አዝማሪ ድምፅ ይቀራል። ማሲንቆን ገደለ የተባለው ኤሌክትሪክ የስንቱን ሟች አዝማሪ ድምፅ በየቤቱ ሣጥን እንዳኖረ ለማወቅ ሣጥኑን መክፈት ብቻ ይጠይቃል።

ራዲዮም እንኳ፣ የመንግሥት አፍ እንደ ነበረ ባያከራክርም፣ አንዳንዴ ከባለቤቱ ሐሳብ ውጭ ይሄድ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በራዲዮ ሲተርክ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የምትገኘው ማንኩሳ ስሟን ከአዲስ አበባ በመጣ ድምፅ ሰማች። ከትረካው በፊትና በኋላ የተነገረውን ዜና የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ የወጋየሁን ድምፅ ግን ያልሰማ የለም።

ካድሬው «ይህ የኛ አገር ጣጣ ነው» እንዳይል የሶሻሊስቱን ዓለም ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። ሌቭ ቴርሚን እጅ ሳይነካው የሚዘፍነውን መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1922 ለሌኒን አሳየ፤ ሌኒንም ራሱ ሞከረው። ይኸው ሰው በስታሊን ዘመን ታስሮ ወደ ኮሊማ ተላከ፣ ቀጥሎም እስረኛ ሊቃውንት በሚሠሩበት ቤተ ሙከራ ተቀምጦ የሞስኮው የአሜሪካ አምባሳደር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ምሥጢር ሰሚ መሣሪያ ሠራ። መንግሥት ከዚያ ሰው እጅ መጀመሪያ ሙዚቃ፣ በኋላ ጆሮ ጠቢነት ፈለገ። በሌላ ወገን የጦር መሐንዲሱ ሙርዚን ለአቀናባሪው ለስክሪያቢን መታሰቢያ ብሎ የሰየመውን ሲንተሳይዘር በትርፍ ጊዜው ዓመታት ፈጅቶ ሠራ፤ ኤድዋርድ አርቴሚየፍም «ሶላሪስ» ለተባለው የ1972 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ሙዚቃ ተጠቀመበት። አገሩ አንድ ነው፤ መንግሥቱም አንድ ነው። መሣሪያው ምን እንደሚሆን የወሰነው ማን እንዳዘዘውና ለምን እንዳዘዘው ነበር።

በክሱ ውስጥ እውነት የለም ማለት ግን አይደለም። የፋብሪካ ኪቦርድ ድምፁ በአውሮፓ ሚዛን እኩል የተከፋፈለ ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ በዚያ ሚዛን በትክክል አይቀመጥም፤ ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጥቂቱ አንሸራትቶ የሚያገኛት ድምፅ በሁለት ቁልፍ መካከል ትቀራለች። ብልህ ተጫዋች በማጠፊያው ጎማ ድምፁን እየለጠጠ ያመጣታል፤ ሰነፉ ይተዋታል፤ ሰነፍ ደግሞ ሞልቷል። የማሽኑ ከበሮም የጎጃምን እስክስታ ትከሻ አይጠብቅም። ከበሮ መቺ ጨፋሪውን እያየ ያፈጥናል፣ ያዘገያል፤ ማሽኑ ጨፋሪው እንዲከተለው ያዝዛል። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ መድኃኒቱም አለ። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ቁልፍ ድምፅ ዝቅና ከፍ ለማድረግ ይፈቅዳሉ። የሙዚቃ መምህር አንቺ ሆዬን ከአንድ ሽማግሌ ማሲንቆ ለክቶ ለተማሪዎቹ ኪቦርድ ቢያስገባላቸው ከአሥር ስብሰባ ይሻላል። እንደጉና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በኮምፒውተር በሠሯቸው ሥራዎች የባህል ዜማና ድምፅ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት ገብቷል። ወጣቶቹን «ፈረንጅ አምላኪ» ማለት የሚቀናው ሰው መጀመሪያ ያዳምጣቸው።

አሳሳቢው ነገር ክሱ የሚያስከትለው ቸልታ ነው። የውጭ አገር አሳታሚዎች የኢትዮጵያን ሙዚቃ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በተከታታይ ሲያሳትሙ ዓይናቸውን የጣሉት በሸክላው ዘመን ላይ ነው፤ «ወርቃማው ዘመን» የሚሉትም ያንን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴትና የኦርጋን ዘመን እንደ ዝቅጠት ተቆጠረ። የአገር ውስጡ ባህል ጠባቂም በሌላ ምክንያት በዚሁ ፍርድ ተስማማ፤ ፈረንጁ ሸክላ አይደለም ብሎ ናቀው፣ እርሱ ማሲንቆ አይደለም ብሎ ናቀው። በሁለቱ መካከል የአሥራ ሰባት ዓመት የሕዝብ ድምፅ ባለቤት አጣ። ያ ዘመን ሕዝብ የልቡን በአደባባይ መናገር ያልቻለበት ዘመን ነበርና ከእርሱ የቀረ ድምፅ ከሌላው ዘመን ይልቅ ውድ መሆን ነበረበት።

ካሴት ደግሞ ሸክላ አይደለም። የክሩ ማግኔት በሙቀትና በአቧራ ይረግፋል፣ ይሻግታል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በማንኩሳ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተኛው ክር ዘንድሮ ከዘፈነ ከርሞ ላይዘፍን ይችላል። የሚሠራ አንድ ቴፕ፣ አንድ ገመድና አንድ ኮምፒውተር ለትምህርት ቤት የሚከብድ ዕቃ አይደለም። ተማሪው ከአያቱ ሣጥን ካሴት ይዞ ቢመጣ መምህሩ ገልብጦ መልሶ ይሰጠዋል፤ የባህል ጽሕፈት ቤቱም ቅጂውን ያኖራል። ንጹሕና ባህላዊ የሆነውን ብቻ እንምረጥ የሚል ኮሚቴ ግን አይቋቋም፤ ምርጫው አንድ ጊዜ ተደርጎ ያመጣው ታይቷል።

ለዚህ ሥራ በሚዘጋጀው ቅጽ ላይ የድምፃዊው፣ የግጥሙና የዜማው ደራሲ ስም የሚጻፍባቸው መስመሮች መኖራቸው አያጠራጥርም። ከእነርሱ በታች ኦርጋኑን ማን እንደተጫወተ የሚሞላበት መስመር ይጨመር። ከእነዚያ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ስማቸው በካሴቱ ልባስ ላይ አልሰፈረም፤ አንዳንዶቹ ዛሬም በየከተማው በሕይወት አሉ፣ እየተጠየቁም አይደለም።